ባቡሩን የያዘው ልጅ

ከዚህ በታች የሚተረከው ሁሉ እውነት ነው። ከአፍ ወደ አፍ ሲንከባለል የጎደለበት እንጂ የተጨመረበት የለም። አንዲት ፍሬ ሐሰት የተገኘችበት እንደሆነ የሞያሌ ነፋስ ተራኪውን ከነወንበሩ አንሥቶ ቦሪ ሜዳ ላይ፣ ግመል እንኳ ዞሮ በማያይበት ቦታ፣ ይጣለው። ምስክር ካስፈለገም ምስክር አለ፤ ተራው ሲደርስ ራሱ ይናገራል።

መክብብ በኬንያዋ ሞያሌ፣ ከገበያው ወደ ድንበሩ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ፎቶ ቤት አለው። ከውጭ ለሚያየው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም የቆርቆሮ ክፍል ነው። ከውስጥም ያው ነው፤ ግን ባለቤቱ አፉን ሲከፍት ክፍሉ ይሰፋል። አንድ ካሜራ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ አለ። ግድግዳው ላይ ደግሞ በሚስማር የተሰቀለ አንድ ጥቁር ኮት ከነክራቫቱ አለ። የመታወቂያ ፎቶ ሊነሣ የመጣ ወንድ ሁሉ፣ ፍየል ነጋዴም ይሁን የሎሪ ረዳት፣ ያን ኮት ለብሶ ነው የሚነሣው። ፎቶው እንዳለቀ ኮቱ ወደ ሚስማሩ ይመለሳል። ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ካለው ወንድ ግማሹ በመታወቂያው ላይ የለበሰው የመክብብን ኮት ነው ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ሌላው ግማሽ ተራ እየጠበቀ ነው።

የመክብብ ዝና ግን በኮት አልነበረም። ዝናው በባቡር ነው። ሐዲድ የሚባል ነገር ከተማዋን በሕልሟ እንኳ ሳይጎበኛት፣ የድሮ መጫወቻ ባቡሮችን ከአሮጌ የቤተሰብ ፎቶ ላይ አይቶ የሚለይ ሰው ከካይሮ በታች፣ ከኬፕታውን በላይ እሱ ብቻ ነው። ፎቶው ይደብዝዝ፣ ይቀደድ፣ ምስጥ ይብላው፣ ግድ የለውም። ማጉያውን ዓይኑ ላይ ይደግንና ቆርቆሮው የተያያዘው በብየዳ ነው ወይስ በታጠፈ የቆርቆሮ ምላስ፣ ቀለሙ በብሩሽ የተቀባ ነው ወይስ ቆርቆሮው ላይ የታተመ፣ የመጠምዘዣው ቁልፍ ቀዳዳ በየት በኩል ነው፣ ፉርጎው የሚያያዝበት መንጠቆ ምን ይመስላል፣ እያለ ይመረምራል። ሲያስረዳ በሁለት እጁ ነው። አሥሩም ጣቶቹ ሥራ ይይዛሉ፤ አንዱ ጭስ ማውጫ፣ አንዱ መንጠቆ፣ ሌሎቹ ጎማ ይሆናሉ። እጁን ቢያስሩት ንግግሩ ይቋረጣል ይላሉ የሚያውቁት።

ጎረቤቶቹ ሊያበሽቁት ሲፈልጉ፣ ለመሆኑ ሞያሌ ውስጥ የባቡር ፎቶ ያለው ማን ነው ብለው ይጠይቁታል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የባቡር ፎቶ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ መክብብ ነው።

ፎቶዋ ከመዳፍ አትበልጥም፤ ጥቁርና ነጭ ናት። አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከመጋረጃ ፊት ቆሟል። ከፊቱ ትንሽ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ባቡር። ልጁ ቀኝ እጁን ጭስ ማውጫው ላይ አሳርፏል። ግራ እጁ ከባቡሩ ኋላ ስለሆነ አይታይም። መክብብ ይህን ሲያብራራ፣ ልጁ ከኋላ ፍሬኑን ጨብጦ ነው ይላል፤ የባቡር ሰው ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ፍሬን አይለቅም። ከፎቶው ጀርባ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ነበረ፤ ከእሱ የተረፈው «ድሬዳዋ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። እና አንድ ነገር አለ፤ ባቡሩ የልጁን እጅ በጋረደበት ቦታ ላይ ወረቀቱ ነጥቶ፣ ሳስቶ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሆኗል።

ያን ቦታ ያሳሳችው ሰሎሜ ናት።

ሰሎሜ መክብብን በዋልዳ ያሳደገችው ሴት ናት። በኢትዮጵያ መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩም፣ የወታደሩ ሚስትም፣ ነጋዴውም፣ ማንን እንደሚሸሽ ያላወቀውም ድንበሩን ተሻግሮ ኬንያ ውስጥ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ገባ። ሰሎሜ ብቻዋን ነበረች፤ በጀርባዋ ጥቅል እንጂ ሰው አልነበረም። መክብብ ደግሞ ከውሃው ታንከር ሥር ቆሞ የሚያለቅስ፣ ስሙን እንኳ የማይናገር ሕፃን ነበር። እጁን ያዘች፤ ሌላ ሰው አልጠየቀውም። ስምህ መክብብ ነው አለችው። ትንሽ ቆይታም ፎቶውን ከጥቅሏ አውጥታ፣ ይህ አንተ ነህ፣ ባቡሩም ያንተ ነው አለችው። ፎቶው ከየት መጣ ላሏት ደግሞ፣ አንገቱ ላይ በጨርቅ ታስሮ አገኘሁት ትል ነበር።

ከዚህ በላይ አልተናገረችም። የቀረውን የሠራው መክብብ ነው። ካምፕ ውስጥ ልጅ ሁሉ የሚኮራበት ነገር ያስፈልገዋል፤ አንዱ ወንድሙ ቦክሰኛ ነው ይላል፣ አንዱ አጎቱ አሜሪካ ነው ይላል። መክብብ ባቡር ነበረው። ባቡር ያለው ልጅ ባቡር የሚገዛ አባት አለው። ባቡር የሚገዛ አባት የድሬዳዋ ባቡር ሠራተኛ ነው። በመጀመሪያው የዝናብ ወቅት አባትየው ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ካምፑ ሲዘጋ የምድር ባቡሩ ሁሉ አለቃ ሆኖ ነበር። ሰሎሜ ትሰማለች፤ አትክድም፣ አታጸድቅም። አባቴ መልኩ ምን ይመስል ነበር ብሎ ሲጠይቃት ትነሣና ውሃ ልትቀዳ ትሄዳለች። ጠዋት ጠዋት ግን ፎቶውን አውጥታ በቀሚሷ ጫፍ ትወለውለዋለች፤ ከዚያ አውራ ጣቷን ባቡሩ ጎን፣ ያችው ቦታ ላይ አሳርፋ ትቆያለች። ባቡሩን እንዴት ትወደው ነበር መሰላችሁ ይላል መክብብ።

ወደ ሞያሌ ከመጡም በኋላ በዋልዳ በኩል በሎሪ ያለፉ እንደሆነ፣ ከመንገዱ ገባ ያለች፣ ከሥሯ ድንጋይ የተከመረባት አንዲት ግራር ጋ ሲደርሱ ሾፌሩን ትለምነዋለች። ወርዳ፣ ቆይታ፣ ጉልበቷ አቧራ ለብሶ ትመለሳለች። በመንገድ ለቀሩት ስደተኞች ጸሎት አድርሼ ነው ትላለች። እሷ ከሞተች ዓመታት አለፉ። የቀበራት፣ ያለቀሰላት፣ ድንጋዩ ላይ ስሟን የጻፈው እሱ ነው። በገበያው ልብስ አጥቢዋ ሰሎሜ ተብላ ብትታወቅም በለቅሶዋ ቀን ሞያሌ በሁለት አገር ተዘግታ ነበር፤ ቢያንስ ከመክብብ ሱቅ በኩል ላየ ሰው እንደዚያ ይመስል ነበር።

እንግዲህ ታሪኩ የሚጀምረው ለሊሴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት ነው።

ለሊሴ የመክብብና የሚስቱ የአቻምየለሽ ልጅ ናት። ኦብሳ የሚባል፣ ኡራን መንደር የተወለደ አስተማሪ ወዷት ወዳዋለች። የኦብሳ አጎት ኦቦ ያታኒ ሽማግሌ ሆነው መጡ። ኦቦ ያታኒ ከብት አርቢ ናቸው። የራሳቸውን አባቶች ቀርቶ የላሞቻቸውን እናት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ሳይደናቀፉ ይቆጥራሉ። በአገሩ ሥርዓት ጋብቻ ከመነገሩ በፊት ዘር ይቆጠራል፤ ተቆጥሮ ካልተለየ ሰው እኅቱን ሊያገባ ነው። ስለዚህ ወንበራቸውን አመቻችተው የኦብሳን ወገን እንደ ውሃ አወረዱት። ሲጨርሱ ወደ መክብብ ተመለከቱ። ተራው የእሱ ነበር።

መክብብ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ ተቀመጠ።

አቻምየለሽ ልታተርፈው፣ የሰሎሜ ልጅ ነው አለች። ኦቦ ያታኒ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። በእነሱ ዘንድ ያሳደገ ወላጅ ነው፤ በጉዲፈቻ የገባ ልጅ ያሳዳጊውን ጎሳ ይቆጥራል፣ ማንም አያፍርበትም። የሰሎሜን አባት፣ አያት ስም ጥሩልንና ይበቃናል አሉ። ነገሩ እዚያው አልቆ ነበር። ብርጭቆ እየተነሣ ነበር።

መክብብ ግን ሁለቱንም እጁን አነሣ። አባት አለኝ አለ። አባቴ ከነማዕረጉ ይቆጠራል፤ ከነባቡሩ። የሚመሰክር የድሬዳዋ ሰው አቅርቤ፣ በዚሁ ግቢ፣ በእናንተው ፊት አስቆጥራለሁ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኦቦ ያታኒ፣ እንዳልከው ይሁን፣ ከዝናቡ በኋላ እንመለሳለን አሉ።

ሲወጡ ለሊሴ ዕቃ እያነሣች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«አባዬ፣ የእማማ ሰሎሜ ልጅ መሆን ምን ይጎድለዋል?»

«ምንም አይጎድለውም» አላት። «አባት ብቻ ነው የሚጎድለው።»

ከዚያ ወዲያ ሱቁ የባቡር ምርምር ማዕከል ሆነ። ፎቶውን በኮምፒውተር ከፍቶ አጎላው፤ ከማጉላቱ ብዛት የአንዱ ጎማ ጥላ ብቻ ማያውን ሞላው። በዓለም ላይ የድሮ መጫወቻ ባቡር የሚሰበስቡ ሰዎች በስልክ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላከው። እንደ መክብብ አነጋገር የዘጠኝ አገር ሊቃውንት ሥራ ፈትተው ሳምንት ሙሉ ተከራከሩበት። መልስ የጻፈው አንድ እንግሊዛዊ ጡረተኛ ነው፤ ጄምስ ይባላል። ጽሑፉ አጭር ነበር። ባቡሩ ፈረንሳይ አገር የተሠራ፣ በቁልፍ የሚጠመዘዝ፣ ከትልቁ ጦርነት በኋላ በየገበያው እንደ ጨው የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ ነው። የፊት ጎማዎቹ ወልቀዋል፤ እንዳያዘነብል ከሥሩ የክብሪት ቤት ያስደገፉት ይመስላል። ልጁ ቆንጆ ነው።

መልሱ አጭር ይሁን እንጂ መክብብ ረጅም አድርጎ አነበበው። ፈረንሳይ! ምድር ባቡሩን የሠራው ማን ነው? ፈረንሳይ። የፈረንሳይ ባቡር በጁቡቲ አስመጥቶ ለልጁ የሚሰጥ ማን ነው? አለቃው ነው። ርካሽ የሚለውን ቃል የጄምስ ቅናት አደረገው።

«ጎማውስ?» አለች አቻምየለሽ።

«ባቡሩ ከጠረጴዛ ላይ ሮጦ ልጁ ላይ እንዳይወድቅ አባቴ ራሱ ነቅሎት ነው።»

«ለልጁ መጫወቻ ገዝቶ ጎማ የሚነቅል አባት?»

«መሐንዲስ ነዋ።»

አቻምየለሽ ሳቀች፤ ግን ብዙ አልሳቀችም። እሷም የዋልዳ ልጅ ናት። ባሏ ሰው የሌለ ሲመስለው የፎቶውን ባቡር ከአንገቱ ጎንበስ ብሎ እንደሚያዳምጥ ታውቃለች። ያ ሰው ከዋልዳ በፊት የሆነ አንድ ነገር እንኳ አያስታውስም። ባቡሩን ግን ያስታውሳል። ቁልፉ በጣቶቹ መሐል ሲቀዘቅዝ፣ ሲጠመዘዝ ትር ትር ሲል፣ አንድ ትልቅ እጅ ከኋላ መጥቶ እጁ ላይ ሲያርፍ፣ ይህን ሁሉ ያስታውሳል። የእጁን ጠረን ሳይቀር ያስታውሳል፤ የዘይትና የትምባሆ ነው። ሌላው ወሬው ይቀነስለት፤ ይህ አይቀነስም፤ ይህን ሲናገር ድምፁ ይወርዳል።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል አንድ ወሬ ከድንበሩ ማዶ መጣ። በኢትዮጵያው ሞያሌ፣ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ፎቶ አንሺ የነበሩ ወልደየሱስ የሚባሉ አዛውንት አሉ ተባለ። መክብብ በዚያው ቀን ቦዳቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ብስክሌት ይዞ ተሻገረ። ፎቶውን ግን አልያዘም። ሸሽጎት አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ምስክሩ ልጁን አይቶ እንባ ሲያወጣ መታየት ስላለበት ነው። መክብብ እንዲህ ያለውን ነገር አያባክንም።

ጋሽ ወልደየሱስ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጡ ሰው ናቸው። ከመክብብ ጋር ሲገናኙ ይህ ጠባይ ትልቅ ጉዳት አለው። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ አዳመጡ። የምድር ባቡር ሰዎች ልጆቻቸውን ፎቶ ያስነሡ ነበር ወይ ሲላቸው፣ ብዙዎቹን እኔው ነኝ ያነሣኋቸው አሉ። ይህች አንዲት ቃል ለመክብብ በቃችው፤ ዘጠኝ ምስክር አደረጋት። ፎቶውን ባየው ጥሩ ነበር ሲሉትም፣ ያዩታል፣ ከነክብሩ ያዩታል ብሎ መኪና የሚመጣላቸውን ቀን ነግሯቸው ወጣ።

ቀጠሮው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ግቢው ተጠርጎ፣ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ ወንበር ከየጎረቤቱ ተሰብስቧል። ኦቦ ያታኒ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከኡራን በሎሪ መጡ። ግድግዳው ላይ ፎቶው ተሰቅሏል፤ በር የሚያህል ሆኖ ታትሟል። መክብብ ባቡሩን በኮምፒውተር አረንጓዴና ቀይ ቀብቶታል። ልጁ ግን ጥቁርና ነጭ እንደሆነ ነው የቀረው፤ ለፊቱ የሚሆን ቀለም አላገኘም።

ጋሽ ወልደየሱስ በሹራብ ነበር የመጡት። ምስክር በሹራብ አይቀመጥም። መክብብ በፎቶ ቤቱ በኩል ይዟቸው ገብቶ ከሚስማሩ ላይ ኮቱን አወረደ፤ ሁለቱንም እጅጌ በትዕግሥት አስገባላቸው፤ ክራቫቱንም አሰረላቸው። ኮቱ ሰፍቷቸው ነበር።

«የማን ነው?» አሉ፣ ቁልፉን እየዳሰሱ።

«የፎቶ ቤቱ ነው፣ ጋሽ ወልደየሱስ። የመጣ ሁሉ ይለብሰዋል።»

እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ የድሮ ሥራቸውን ያስታወሰ ሰው ፈገግታ።

ከዚያ መክብብ ተረከ። ያን ቀን የተረከውን የሰማ ሰው ሁሉ ዛሬም ያወራዋል። አባቱ ከድሬዳዋ ጣቢያ ሲወጣ ነጩ ዩኒፎርሙ ከሩቅ እንደ ደመና ይታይ ነበር። ሲያፏጭ ባቡር ይቆማል። ልጁ ሲወለድ ለመርከብ ትእዛዝ ሰጥቶ ይህን ባቡር ከማርሴይ አስመጣ፤ ጁቡቲ ድረስ ወርዶ በገዛ እጁ ተቀበለው፤ በራሱ ፉርጎ፣ በራሱ መቀመጫ ላይ አስቀምጦ አመጣው። ፎቶ የተነሡ ዕለት ባቡሩን ተሸክሞ ከተማውን ያቋረጠው አባትየው ነው፤ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀ። እዚህ ጋ ሲደርስ የመክብብ ሁለት እጆች ወደ ላይ ወጥተው ቆሙ፤ ጣቶቹ ተከፍተው፣ በመሐላቸው የማይታይ ባቡር ይዘው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አንድ ቀን ጦርነት መጣ፤ ሕዝብ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ፤ በዚያ ጎርፍ ውስጥ የልጁ እጅ ከአባቱ እጅ ወጣ። አባትየው ከመለያየታቸው በፊት ፎቶውን በልጁ አንገት አሰረ፤ የሚያገኘው እንዲያውቀው። ከአባቴ የቀረኝ ይኸው ነው አለ፤ ሌላው ሰው አባቶቹን ይቆጥራል፣ እኔ የዚህን ባቡር ጎማ እቆጥራለሁ።

አንዱ ሽማግሌ አፍንጫውን በፎጣው ጠረገ። ለሊሴ በሩ ላይ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። አቻምየለሽ ዕቃ የምታነሣ መስላ ወደ ጓዳ ገባች፤ አልወጣችም።

ኦቦ ያታኒ ወደ አዛውንቱ ዞሩ።

«እርስዎ የድሬዳዋ ሰው ነዎት። የዚህን ልጅ አባት ያውቁታል?»

ጋሽ ወልደየሱስ ወደ ትልቁ ፎቶ አልተመለከቱም። ትንሿን ስጡኝ አሉ። መክብብ በሁለት እጁ፣ እንደ ስለት ዕቃ፣ አቀበላቸው። ወደ ብርሃኑ አዘንብለው አዩ። ጀርባዋን አዩ። መልሰው ፊቷን አዩ። የሳሳውን ቦታ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት።

«ይህቺን እኔ ነኝ ያነሣሁ» አሉ።

መክብብ ተነሥቶ ሽማግሌዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ አየ። ሊናገር ሲል አዛውንቱ መዳፋቸውን ከፍ አደረጉ።

«ባቡሩ እንደዚህ ኮት ነው፣ ልጄ» አሉ፣ የለበሱትን ኮት ደረት በጣታቸው ነካ እያደረጉ። «የፎቶ ቤታችን ዕቃ ነው። ልጅ ሲመጣ እናስይዘዋለን፣ ሲሄድ እንቀበለዋለን። የድሬዳዋ ልጅ ሁሉ ይዞታል። ጎማው ከወለቀ በኋላ ክብሪት እያስደገፍን እንሠራበት ነበር።»

ከመንገዱ የሎሪ ጥሩምባ ተሰማ።

«አባቱስ?» አለ መክብብ።

«የልጁ አባት የባቡር ሰው አይደለም። ወታደር ነበር፤ ወደ ደቡብ፣ ወደ ነጌሌ ተመድቦ ሄደ። እናቱን ነው የማውቃት። ፎቶ ቤቱን የምትጠርግልን እሷ ነበረች። ያን ባቡር ጠዋት ጠዋት የምትወለውለው እሷ ነበረች። ወደ ባሏ ልትሄድ ስትነሣ፣ መሰናበቻ ትሁናት ብዬ ልጇን ያለ ዋጋ አነሣሁላት።» ትንሽ አሰቡ። «ሰሎሜ ትባላለች። ልጇን መክብብ ነበር የምትለው።»

ለሊሴ ከበሩ ላይ ቀና አለች። ኦቦ ያታኒ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። መክብብ ቆሞ ቀረ። ባቡሩ ሄዷል፣ አለቃው ሄዷል፣ ማርሴይና ጁቡቲ ሄደዋል፤ ግን በዚያ ሁሉ ፈንታ አንድ ነገር ከሩቅ ሲመጣ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። እጁን ሳያነሣ ጠየቀ።

«እንግዲያ የወለደችኝ እናቴ ነበረች?»

ጋሽ ወልደየሱስ ፎቶዋን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የመክብብን ግራ እጅ ያዙ፤ መዳፉን ወደ ላይ አዞሩት። ጣቶቹን ከአውራ ጣቱ ጀምረው እስከ ትንሿ ድረስ፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ አድርገው ነኩ። ሁሉም ነበሩ።

«ያ ልጅ ግራ እጁን እሳት በልቶት ነበር» አሉ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ጣት አልነበረውም። ባቡሩን እዚያ ላይ ያቆምኩት፣ ሰሎሜ እጁ እንዳይታይብኝ ብላ ስለለመነችኝ ነው።»